የቪዲዮ ኤዲቲንግ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከትራንዚሽኑ በፊት ፍሬሙን ቁጠሩ

በኢፌክትና በትራንዚሽን (ከአንድ ክሊፕ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) ዙሪያ ከላካችሁልን ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን መርጠናል። ቁጥር በጠቀስንበት ሁሉ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) 1920 በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ነው ብላችሁ አንብቡ። የማውጫ ስሞቹ የአዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ ናቸው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተለየ መንገድ ሲኖረው ለይተን ጽፈናል። ኮንትሮል ያልነው ማክ ላይ ኮማንድ ነው።

ጥያቄ፦ በሁለት ክሊፖች መካከል ክሮስ ዲዞልቭ ሳስገባ ፕሪሚየር «ኢንሰፊሸንት ሚዲያ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣብኛል። እሺ ብዬ ባልፈው ትራንዚሽኑ ይገባል፤ ሲጫወት ግን ምስሉ ለቅጽበት ደርቆ ይቆማል። ሌሎች ክሊፖች ላይ ያለምንም ችግር ይሠራል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ያጠፉት ነገር ቢኖር ክሊፑን እስከ ጫፉ መጠቀምዎ ነው። ዲዞልቭ ላይ ወጪው ክሊፕ እየደበዘዘ፣ ገቢው እየጎላ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ አብረው ይታያሉ። አብረው እንዲታዩ ወጪው ክሊፕ ከተቆረጠበት አልፎ፣ ገቢውም ከሚጀምርበት ቀድሞ ምስል ሊኖረው ይገባል። ልብስ ሰፊ ሁለት ጨርቅ ሲያጋጥም ከስፌቱ ወዲያ ትርፍ ይተዋል፤ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ ልስፋ ቢል ክሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም። በኤዲቲንግ ይህ ትርፍ «ሃንድል» ይባላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የ1 ሰከንድ ዲዞልቭ 25 ፍሬም ነው። ካቱ (ሁለቱ ክሊፖች የሚገጥሙበት ቦታ) ላይ መሀል ለመሀል ሲያርፍ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ስለሚውል ከእያንዳንዱ ክሊፕ እስከ 13 ትርፍ ፍሬም ይፈልጋል። ካላገኘ ፕሪሚየር ጫፍ ላይ ያለችውን አንዲት ፍሬም እየደጋገመ ይሞላዋል። የደረቀብዎ ምስል እሱ ነው። ገና ሳያጫውቱት በሁለት ምልክት ማወቅ ይችላሉ፦ ትርፍ የሌለው ክሊፕ በጥጉ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይኖረዋል፤ ፍሬም የተደጋገመበት ትራንዚሽን ደግሞ ሳጥኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች ይታያሉ።

መፍትሔው እንደ ክሊፖቹ ይለያያል። ትርፉ የጎደለው ከአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ክሊፕ መንካት አያስፈልግም። ትራንዚሽኑን መርጠው ኢፌክት ኮንትሮልስ ውስጥ አላይመንት የሚለውን ይቀይሩ። ወጪው ክሊፕ ትርፍ ካለው፣ ገቢው ግን ከሌለው «ስታርት አት ካት» ያድርጉት፤ ያኔ ትራንዚሽኑ ሙሉ በሙሉ ከካቱ በኋላ ይውላል፣ 25ቱም ትርፍ ፍሬም የሚመጣው ከወጪው ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ «ኤንድ አት ካት» ነው። ብዙ ሰው ይህችን አማራጭ ሳያያት ክሊፑን መቁረጥ ይጀምራል።

ከሁለቱም ወገን ከጎደለ ወይ ትራንዚሽኑን ያሳጥራሉ (ሁለቴ ክሊክ አድርገው 8 ወይም 10 ፍሬም ይሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል)፣ ወይ ደግሞ ክሊፖቹን። ለማሳጠር ቢ የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሪፕል ኤዲት መሣሪያውን ያውጡ፤ የወጪውን ክሊፕ ጫፍ ወደ ኋላ፣ የገቢውን መነሻ ወደ ፊት 13 ፍሬም ያህል ይግፉ። ሲጎትቱ ስንት ፍሬም እንደሄዱ ቁጥሩ ይታያል። ከዚያ ካቱን መርጠው ኮንትሮልና ዲ። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ሥራ ፊልሙ በ26 ፍሬም አጥሯል፤ ከካቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ከ1 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ተስቧል። ሥሩ ሙዚቃ ካለ ትራኩን አስቀድመው ይቆልፉት፣ ካልሆነ ሪፕሉ ሙዚቃውንም ሊያዛባው ይችላል። ከተቆለፈም በኋላ በምት ላይ የተቆረጡ ሾቶች ከምቱ ስለሚወጡ አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። የንግግር ድምፅ ያለበትን ትራክ ግን አይቆልፉ፤ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ።

ሪዞልቭ ላይ ኮንትሮልና ቲ ሲጫኑ ትርፍ ከሌለ ክሊፖቹን ላሳጥር ወይስ ልለፋቸው ብሎ ይጠይቃል። አሳጥር ካሉት ከላይ በእጅ የሠራነውን ራሱ ይሠራዋል። ደስ ይላል፣ ነገር ግን ከየት እንደቆረጠ ተመልሰው ይዩ፤ የሰው የመጨረሻ ቃል ሊበላ ይችላል።

ሁነኛው መከላከያ ቀረጻው ላይ ነው። ካሜራው ድርጊቱ ከመጀመሩ 3 ሰከንድ ቀድሞ ይጀምር፣ ካለቀ በኋላም 3 ሰከንድ ይቆይ። ተቆርጦና ኤክስፖርት ተደርጎ የመጣ ፋይል ትርፍ ስለሌለው ዋናውን ቀረጻ መጠየቅ ይሻላል። ፎቶና ጽሑፍ ግን የሚያልቅ ፍሬም ስለሌላቸው ይህ ችግር አይነካቸውም።

ጥያቄ፦ ምስሉ በፍጥነት ወደ ጎን ተስቦ ወደ ቀጣዩ ሾት የሚገባበትን ትራንዚሽን ያለ ፕለጊን መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ከሚሸጡትም ብዙዎቹ በውስጣቸው ይኸው ናቸው። ምስጢሩ «ኦፍሴት» የሚባለው ኢፌክት ነው። ምስሉን ወደ ጎን ሲገፋው በአንድ ወገን የወጣው በሌላው ወገን ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ጥቁር ባዶ ቦታ አይፈጠርም።

ከካቱ በላይ ባለው ትራክ ላይ 10 ፍሬም ርዝመት ያለው አድጀስትመንት ሌየር (ኢፌክቱን ከሥሩ ላሉት ክሊፖች የሚያስተላልፍ ባዶ ሽፋን) ያስቀምጡ፤ 5 ፍሬም ከካቱ በፊት፣ 5 ከካቱ በኋላ። ኦፍሴትን ያስገቡበት። «ሺፍት ሴንተር ቱ» የሚለው መነሻው 960 እና 540 ነው፣ የፍሬሙ መሀል ማለት ነው። በመጀመሪያዋ ፍሬም ላይ የሰዓት ምልክቷን ተጭነው ኪፍሬም (ቁጥሩን በዚያች ፍሬም ላይ የሚይዝ ምልክት) ይያዙ። በመጨረሻዋ ፍሬም ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር 4800 ያድርጉት። ለምን 4800? ምስሉ ሲያርፍ በትክክል ቦታው ላይ እንዲገኝ የሚሄደው ርቀት የፍሬሙ ወርድ ሙሉ ብዜት መሆን አለበት፦ 960 ሲደመር ሁለት ጊዜ 1920። ቁጥሩን በግምት 5000 ቢያደርጉት አድጀስትመንት ሌየሩ ባለቀባት ቅጽበት ምስሉ ሸርተት ብሎ ይዘላል፤ ብዙ ሰው የሚያማርርበት መዝለል ከዚህ የሚመጣ ነው። ታይምላይንዎ 3840 በ2160 ከሆነ መሀሉ 1920፣ ብዜቱም 3840 ይሆናል።

ቀጥሎ ከኦፍሴቱ ሥር «ዳይሬክሽናል ብለር» ይጨምሩ። ዳይሬክሽኑ 90 ዲግሪ ይሁን፤ 0 ዲግሪ ሽቅብና ቁልቁል ነው የሚያደበዝዘው። ርዝመቱን በመጀመሪያዋ ፍሬም 0፣ ካቱ ላይ 100፣ መጨረሻ ላይ 0። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ፕሪሚየር ኢፌክቶችን ከላይ ወደ ታች ስለሚያሰላ ብለሩ ከላይ ከሆነ በብዥታው የሳሳው የምስሉ ጠርዝ በኦፍሴቱ ተገፍቶ መሀል ላይ ይመጣና እንደ ስፌት መስመር ይታያል።

እስካሁን ያለው እንቅስቃሴ ወጥ ፍጥነት ስላለው ሜካኒካል ይመስላል። የኦፍሴቱን የመጀመሪያ ኪፍሬም ቀኝ ክሊክ አድርገው ከቴምፖራል ኢንተርፖሌሽን ውስጥ «ኢዝ አውት»፣ የመጨረሻውን «ኢዝ ኢን» ይስጡት። ከዚያ የፍጥነቱን ግራፍ ገልጠው መያዣዎቹን ወደ መሀል ይጎትቱ፤ ግራፉ እንደ ተራራ ጫፍ ሲሾል ጫፉ ካቱ ላይ ይውደቅ። ዓይን ካቱን የማይይዘው ፍጥነቱ ከፍተኛ በሆነባት ፍሬም ላይ ስለሆነ ነው፤ ጫፉ ሁለት ፍሬም እንኳ ቢዘገይ ካቱ እርቃኑን ይታያል።

ሲያበቁ ሁለቱን ኢፌክቶች አንድ ላይ መርጠው፣ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሴቭ ፕሪሴት»። ዓይነቱን «ስኬል» ካሉት ኪፍሬሞቹ እንደሚቀጥለው ሌየር ርዝመት ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሁለቱ ሾቶች ውስጥ ካሜራው የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ከትራንዚሽኑ ጋር አንድ ቢሆን ያምራል፤ ሁለቱም የቆሙ ሾቶች ከሆኑ ግን ተራ ካት ይሻል ነበር እንላለን።

ጥያቄ፦ ተራው ክሊፕ በደንብ ይጫወታል። ትራንዚሽን ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ይንቀረፈፋል። ኮምፒውተሬ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ትራንዚሽኑ ላይ ኮምፒውተሩ ሁለት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈታው። ፋይሎቹ ከስልክ ወይም ከአብዛኞቹ ካሜራዎች የመጡ ኤች 264 ወይም ኤች 265 ከሆኑ ደግሞ ከፍሬሞቹ አብዛኞቹ ሙሉ ምስል አይደሉም፤ ከአጎራባቻቸው የሚለዩበት ብቻ ነው የተጻፈው። አንዷን ፍሬም ለማሳየት ሌሎችን መፍታት ይጠይቃል፤ ለፋይል መጠን ጥሩ፣ ለኤዲተር መከራ።

ከታይምላይኑ በላይ ያለው መስመር ይነግርዎታል። ቢጫ ሳይሬንደር (አስቀድሞ ተሰልቶ ሳይቀመጥ) ሊጫወት ይችላል ማለት ነው፣ ቀይ መሬንደር ሳይፈልግ አይቀርም፣ አረንጓዴ ሬንደር ተደርጓል። ቀዩን ክፍል በኢንና አውት (በመነሻና በመጨረሻ ምልክት) ከልለው ኢንተር ይጫኑ። ሪዞልቭ ላይ ከፕሌይባክ ማውጫ ሬንደር ካሽን «ስማርት» ያድርጉት፤ ቀዩ መስመር ሰማያዊ ሲሆን አልቋል። ሥራው ረጅም ከሆነ ግን እየሬንደሩ መኖር አይቻልም፤ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል፣ ለኮምፒውተሩ የሚቀል ቅጂ) ይሥሩ። ፕሮጀክት ፓነል ውስጥ ክሊፖቹን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮክሲ፣ ክሪኤት ፕሮክሲስ፣ ፎርማቱን ፕሮሬዝ። ኤክስፖርት ሲያደርጉ ሌላ ካላዘዙት በስተቀር ዋናው ፋይል ስለሚወሰድ ጥራት አይቀንስም።

ኖይዝ ማጥፊያና ማረጋጊያ ኢፌክቶችን እንደ ልማድ መጨረሻ ላይ ያስገቧቸው። ገና ካቱ ሳያልቅ ማስገባት የቤቱ ግድግዳ ሳይቆም ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ስክሪን ላይ የቀረጽኩት ሰው ጠርዙ ይሸራረፋል፣ ፀጉሩ ዙሪያም አረንጓዴ ይቀራል። አልትራ ኪይ (አረንጓዴውን ቆርጦ የሚያወጣው ኢፌክት) ላይ ያልነካሁት ቁጥር የለም።

መልስ፦ የተሸራረፈው ጠርዝ ብዙውን ጊዜ የካሜራው ፋይል ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አብዛኞቹ ካሜራዎችና ስልኮች ቀለምን በ4፡2፡0 ነው የሚጽፉት፦ ለ4 ፒክስሎች 4 የብርሃን መረጃ፣ የቀለም ግን 1 ብቻ። አልትራ ኪይ የሚቆርጠው በቀለም ስለሆነ የሚሠራው በዚያች ሩብ መረጃ ነው። ካሜራዎ 4፡2፡2 የሚቀርጽ ከሆነ ለግሪን ስክሪን ሁልጊዜ እሱን ይክፈቱ።

ፋይሉ ያው ሆኖም ቢሆን ብዙ ማሻሻል ይቻላል። አልትራ ኪይን ከማስገባትዎ በፊት ኦፓሲቲ ሥር ባለው ብዕር ሰውየውን በሰፊው ይክበቡት፤ እጁን ሲዘረጋ ከክበቡ እንዳይወጣ ብቻ ይጠንቀቁ። ማዕዘን ላይ ያለው የተጨማደደና የጠቆረ አረንጓዴ ከሒሳብ ይወጣል። ከዚያ በጠብታዋ ቀለሙን ሲመርጡ ከስክሪኑ ዳር ሳይሆን ከፀጉሩ አጠገብ ይንኩ፤ መቆረጥ ያለበት እዚያ ያለው አረንጓዴ ነው።

አሁን አውትፑቱን «አልፋ ቻናል» ያድርጉት። ሰውየው ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ሊሆን ይገባል። ቁጥሮቹን መነካካት ያለብዎት ይህን እያዩ ነው፤ በባለቀለሙ ምስል ላይ ግራጫው አይታይም። ጀርባው ላይ ነጠብጣብ ካለ ፔደስታልን ከፍ ያድርጉ፣ በጨለማ ቀረጻ የመጣ ኖይዝ ነው። የሰውየው ጥቁር ልብስ ውስጥ ቀዳዳ ከታየ ሻዶውን፣ ግንባሩ ላይ ከሆነ ሃይላይትን ያንቀሳቅሱ። አልፋው ሲጸዳ ወደ ኮምፖዚት ይመለሱና በማት ክሊንአፕ ውስጥ ቾክን (ጠርዙን ወደ ውስጥ የሚያጠብበውን) በጥቂቱ፣ ሶፍትንን (ጠርዙን የሚያለሰልሰውን) በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። ቾክ ማጥበቅ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ፀጉሩን እንደ መቀስ ስለሚበላው ሰውየው ከካርቶን የተቆረጠ ይመስላል። ፀጉሩ ዳር የቀረው አረንጓዴ የቾክ ሥራ አይደለም፣ የስፒል ሰፕሬሽን ነው።

ለሚቀጥለው ቀረጻ፦ ሰውየው ከስክሪኑ 2 ሜትር ያህል ይራቅ። ሲጠጋ አረንጓዴው ብርሃን ትከሻውና ጆሮው ላይ ይነጥራል። ስክሪኑ የራሱ መብራት ይኑረው፤ በዌቭፎርም (የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) ሲታይ የስክሪኑ መስመር ቀጭንና ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ እኩል ነው። እጅ በፍጥነት የሚወዛወዝ ከሆነ የሸተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/50 ወደ 1/100 ሰከንድ ያሳድጉ፤ ብዥ ያለ እጅ ግማሹ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ኪይ አይቆርጠውም።

ጥያቄ፦ ዋርፕ ስታቢላይዘር (የምስል መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው) ስሎ ሞሽን ባደረግኩት ክሊፕ ላይ አልሠራ አለኝ።

መልስ፦ ሁለቱ በአንድ ክሊፕ ላይ አይኖሩም። ፍጥነቱን የቀየሩትን ክሊፕ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኔስት» ካሉ (ክሊፑን በራሱ ሴኩዌንስ፣ ማለትም ታይምላይን፣ ውስጥ ካስገቡ) በኋላ ስታቢላይዘሩን በኔስቱ ላይ ያስገቡ። የክሊፑ መጠን ከሴኩዌንሱ ጋር እኩል አይደለም ካለዎትም መድኃኒቱ ያው ነው። ምስሉ እንደ ጄሊ ከተንቀጠቀጠ ሜተዱን ከ«ሰብስፔስ ዋርፕ» ወደ «ፖዚሽን፣ ስኬል፣ ሮቴሽን» ያውርዱ፤ መነሻው 50 የሆነው ስሙዝነስም ለአብዛኛው የእጅ ቀረጻ ይበዛል፣ 10 አካባቢ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ወደ ጥቁር ሲደበዝዝ ኮምፒውተሬ ላይ ያምራል፣ ዩቲዩብ ላይ ስጭነው ግን ሰማዩ ላይ ቀለበት ቀለበት ያወጣል።

መልስ፦ የ8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። ሰማይ ወደ ጥቁር ሲወርድ ከእነዚያ ውስጥ የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ ጥቂት ደረጃ ሰፊ ቦታ ላይ ሲዘረጋ በደረጃና በደረጃ መካከል ያለው ድንበር ይታያል። ኮምፕረሽኑ ደግሞ ያጎላዋል። ኖይዝ የሚባለውን ኢፌክት በ1 ወይም በ2 በመቶ ምስሉ በሚደበዝዝበት ክፍል ላይ ብቻ ይጨምሩ፣ ድንበሩን ይበታትነዋል። ከኢፌክቶቹ ስም ጎን 32 የሚል ምልክት ያላቸውን ይምረጡ፤ በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ የ8 ቢት ኢፌክት ከገባ ሌሎቹ የጠበቁት ይጠፋል።

ቢትሬቱንም (ፋይሉ በሰከንድ የሚይዘውን የዳታ መጠን) ይዩ። ዩቲዩብ በሰከንድ ከ24 እስከ 30 ፍሬም ላለው 1080ፒ 8 ሜጋቢት፣ ከ48 እስከ 60 ለሆነው 12 ሜጋቢት ይመክራል። እኛ ኖይዝ፣ የፊልም ግሬይን ወይም ግሊች ያለበትን ሥራ በእጥፉ እንልከዋለን፤ ድረ ገጹ መልሶ ስለሚጨምቀው የሚደርሰው ፋይል የተሻለ ቢሆን ነው የሚጠቅመው። በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነጠብጣብ ለኮምፕረሽን ከሁሉ ከባዱ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የነጭ ብልጭታ ትራንዚሽን በተከታታይ ብጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በ1 ሰከንድ ውስጥ ከ3 በላይ ብልጭታ ለብርሃን ስሱ በሆኑ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎችም ገደቡን እዚያ ላይ ነው ያደረጉት። በሙዚቃ ምት ላይ እየተከተሉ ብልጭታ ሲያስገቡ ገደቡን ማለፍ ቀላል ነው። አንዱን ብልጭታ ብቻ ይተዉና ሌሎቹን በተራ ካት ይተኩ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ላይ ካቱ ንጹህ ነው፣ ድምፁ ግን ካት ባለበት ሁሉ «ጠቅ» ይላል።

መልስ፦ ድምፁ የተቆረጠው ሞገዱ ዜሮ ላይ ባልሆነበት ቅጽበት ነው፤ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ በድንገት ሲዘል ስፒከሩ ጠቅ ይላል። ሁሉንም የድምፅ ካቶች መርጠው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲ ይጫኑ። መጀመሪያ ግን ፕሪፈረንስስ፣ ታይምላይን ውስጥ የድምፅ ትራንዚሽን ርዝመትን ወደ 2 ፍሬም ያውርዱት፤ በመነሻው 1 ሰከንድ ከተዉት ያልፈለጉት የሌላ ሰው ቃል ከሥር ይሰማል። ርዝመቱን መቀየር አስቀድመው ያስገቧቸውን አይነካም፣ እነሱን አጥፍተው እንደገና ማስገባት ይኖርብዎታል። ዓይነቱ «ኮንስታንት ፓወር» ቢሆን ይመረጣል፤ «ኮንስታንት ጌይን» መሀል ላይ ድምፁን ትንሽ ያጎድለዋል።